ፋይሉ ተመልሷል፣ ፈቃዱስ የት ቀረ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱ ከጎጃም የመጡ ናቸው። ከቡሬ፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከብቸና። ጠያቂዎቹ አይተዋወቁም። ሳነባቸው ግን አንድ ሰው የጻፋቸው እስኪመስለኝ ድረስ ተመሳሰሉብኝ። ፋይላቸው አለ። የጠፋባቸው ወይም የቸገራቸው ማን ይክፈት፣ ማን ያስተካክል፣ ማን ይሰርዝ የሚለው ነው። ይህን ነው የፋይል ፈቃድ የምንለው። ባክአፕ ሲባል ብዙዎቻችን ፋይሉን ብቻ እናስባለን፤ ፈቃዱ ግን ከፋይሉ ተለይቶ የተቀመጠ ሌላ መረጃ ስለሆነ አስበው ካልያዙት አብሮ አይመጣም።

አንድ ነገር ላስቀድም። ትዕዛዞቹን የጻፍኳቸው በድምፃቸው፣ በራሳችን ፊደል ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። የሚያሳስት ሲያጋጥም ፊደል በፊደል እነግራችኋለሁ።

ከቡሬ

«ጤና ይስጥልኝ። የቁጠባና ብድር ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል። ቢሯችን ውስጥ አምስት ሆነን አንድ ኮምፒውተር ላይ ያለ ፎልደር በኔትወርክ እንጠቀማለን። የአባላት ቁጠባ ያለበት ፎልደር የሚከፈተው ለእኔና ለሥራ አስኪያጁ ብቻ ነበር። ኮምፒውተሩ ቫይረስ ገባበትና ባለሙያ ጠርተን ፎርማት አስደረግነው። ፋይሎቹን ከኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ መለሰልን። አሁን ጸሐፊዋም ተላላኪውም ሁሉን ይከፍታሉ። ዲ ላይ የነበረ አንድ የድሮ ፎልደር ደግሞ እኔኑ ‹አክሰስ ዲናይድ› እያለ ይመልሰኛል። ባክአፕ ነበረን እኮ! ምንድን ነው የሆነው?»

እትዬ፣ እንኳን ፋይሉ ተረፈልዎ። የአባላት ቁጠባ ጠፍቶ ቢሆን ዛሬ የምናወራው ሌላ ነበር።

የሆነውን ለመረዳት የእድር ዕቃ ቤት ያስቡ። ድንኳኑ አለ፣ ድስቱ አለ፣ አግዳሚ ወንበሩ አለ። ከዕቃው ሌላ ደግሞ የዕቃ ቤት ኃላፊው ደብተር አለ፤ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ፣ ማን ፈርሞ ማውጣት እንደሚችል የተጻፈበት። ቤቱ ጣሪያው ሊወድቅ ደርሶ ዕቃውን በሙሉ አውጥታችሁ ሌላ ቤት ብታስገቡና ደብተሩ እዚያው ቢቀር ዕቃው ይኖራል፣ ሥርዓቱ ግን አይኖርም። የጠራችሁት ባለሙያ ዕቃውን አወጣ። ደብተሩን አላወጣም።

ዊንዶውስ ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው አቀማመጥ በተዘጋጀ ዲስክ ላይ ለእያንዳንዱ ፋይልና ፎልደር የፈቃድ ዝርዝር ይይዛል። ይህ በ1993 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ ኤንቲ ጋር የመጣ ነውና አዲስ ነገር አይደለም። ዝርዝሩ ያለው ግን ዲስኩ ላይ እንጂ ኤክሴል ፋይልዎ ውስጥ አይደለም። ስለዚህ ፋይሉን ኮፒ ሲያደርጉት ዝርዝሩን ትቶ ይሄድና የሚያርፍበትን ፎልደር ፈቃድ ይወርሳል። በዚያው ዲስክ ውስጥ ከት አድርገው ቢያዛውሩት ብቻ ነው የድሮውን ይዞ የሚሄድ። የእናንተ ፋይል መጀመሪያ ወደ ኤክስተርናሉ ኮፒ ሲደረግ ፈቃዱን አጣ፤ ከዚያ ወደ አዲሱ ዊንዶውስ ሲመለስ ለሁሉም ተጠቃሚ ክፍት የሆነውን ፈቃድ ወረሰ። ኤክስተርናሉ ኤክስፋት ወይም ፋት32 ሆኖ የተዘጋጀ ከሆነማ ፈቃድ የሚጻፍበት ቦታም የለውም።

ዲ ላይ ያለው ፎልደር ተቃራኒው ነው የገጠመው። እሱ ፎርማት ስላልተደረገ የድሮ ዝርዝሩን እንደያዘ ነው። ታዲያ ለምን እርስዎን ይከለክላል? ዊንዶውስ ሰውን በስም አያውቅም። ለእያንዳንዱ አካውንት ሲፈጠር ረጅም ቁጥር ይሰጠዋል፣ ዝርዝሩም ላይ የሚጻፈው ይኸው ቁጥር ነው። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን ያው ስምና ያው የይለፍ ቃል ቢሰጡትም ቁጥሩ ሌላ ነው። ለኮምፒውተሩ እርስዎ አዲስ ገቢ ነዎት። ፎልደሩ ላይ ቀኝ ጠቅ አድርገው ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ሴኩሪቲ የሚለውን ቢከፍቱ በስም ፋንታ ኤስ-1-5-21 ብሎ የሚጀምር ረጅም ቁጥር ሳያዩ አይቀሩም። እሱ የድሮዋ እርስዎ ነዎት። በአድሚኒስትሬተር አካውንት ገብታችሁ፣ አድቫንስድ የሚለው ውስጥ ባለቤቱን ወደ አዲሱ አካውንት ቀይራችሁ፣ ከዚያ ፈቃድ ብትሰጡት ይከፈታል።

አሁን ዋናው ሥራ። ኮምፒውተሩን ከመንካታችሁ በፊት ወረቀት ያዙ። ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተቀምጣችሁ የትኛውን ፎልደር ማን ያነባል፣ ማን ይጽፋል የሚለውን ጻፉና ይፈረምበት። ይህን የምለው ለወግ አይደለም። ፈቃድ የቢሮው ውሳኔ ነው፤ ባለሙያ ከራሱ አመንጭቶ ሊሰጠው አይገባም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የሰው መረጃ የያዘ ሁሉ በአግባቡ እንዲጠብቀው ያስገድዳል። የአባላት ስም፣ ስልክና ቁጠባ ለተላላኪው ሁሉ ክፍት ሆኖ ማደሩ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ ፈቃዱን ለሰው ሳይሆን ለቡድን ስጡ። «ሒሳብ» የሚል ቡድን ፍጠሩ፣ እርስዎንና ሥራ አስኪያጁን አስገቡ፣ ፎልደሩን ለቡድኑ ክፈቱ። እርስዎ ጡረታ ሲወጡ የሚተካዎትን ሰው ቡድኑ ውስጥ ማስገባት ብቻ ነው የሚቀረው። አድቫንስድ ውስጥ ከላይ የሚወረሰውን ፈቃድ የሚያቋርጥ ቁልፍ አለ፤ እሱን ሳትነኩ ብትቀሩ «ዩዘርስ» የሚለው አጠቃላይ ቡድን ከላይ እየወረደ ይገባል። ስታቋርጡ ግን «ሲስተም» እና «አድሚኒስትሬተርስ» የሚሉትን አታውጡ። ፀረ ቫይረሱም ባክአፑም የሚሠራው በእነሱ ነው።

ሁሉም ሲስተካከል ደብተሩን ማስቀመጥ ነው። አይካክልስ የሚባል ትዕዛዝ አለ፤ ሲጻፍ አይ፣ ሲ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኤል፣ ኤስ ነው። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተርነት ከፍቶ አይካክልስ፣ ቀጥሎ የፎልደሩን አድራሻ፣ ቀጥሎ ያዘመመ ሰረዝና ሴቭ፣ ቀጥሎ ዝርዝሩ የሚገባበትን ፋይል ስም፣ መጨረሻ ላይ ያዘመመ ሰረዝ ቲ እና ያዘመመ ሰረዝ ሲ። ቲ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ይዳስስ ማለት ነው። ሲ ደግሞ ስህተት ቢገጥመው ሳይቆም ይቀጥላል። የሚወጣው ፋይል ትንሽ ነው። ከባክአፑ ጋር አንድ ላይ ያስቀምጡት።

ስትመልሱ ብዙ ሰው የሚሰናከልባት አንድ ቦታ አለች። በሴቭ ፋንታ ሪስቶር ይባልና የሚሰጠው አድራሻ የፎልደሩ ሳይሆን ፎልደሩን የያዘው የበላዩ አድራሻ ነው። ዲ ላይ «ሒሳብ» የሚባል ፎልደርን አስቀምጣችሁ ከሆነ ስትመልሱ የምትጽፉት ዲን ብቻ ነው፤ «ሒሳብ» የሚለውን ስም ከዝርዝሩ ራሱ ያነበዋል። ያን ሳያውቁ «ሒሳብ»ን ቢሰጡት «ሒሳብ» ውስጥ ሌላ «ሒሳብ» ይፈልግና አላገኘሁም ይላል። እኔ ራሴ ዳንግላ አንድ ቢሮ ውስጥ ይህን ሳላውቅ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ አባክኜበታለሁ።

አይካክልስ የማይዘውም አለ። የፋይሉን ባለቤት አይመዘግብም፤ ዝርዝሩም በቁጥር ስለሆነ ዊንዶውስ እንደገና ከተጫነ የድሮው ቁጥር ለማንም አይሆንም። ለዚህ ሰብስቲትዩት የሚል ማዘዣ አለው። የድሮውን ቁጥርና የአዲሱን ቁጥር ጎን ለጎን ስትሰጡት እየተካ ይመልሳል። ስለዚህ የማን ቁጥር ምን እንደሆነ ዛሬውኑ ማስታወሻ ላይ ጻፉ፤ «ሁአሚ» የሚለው ትዕዛዝ ካዘመመ ሰረዝና ዩዘር ጋር የገባውን ሰው ቁጥር ያሳያል። የኔትወርክ ሼሩ ፈቃድም ከዚህ የተለየ ነው። እሱ የሚኖረው ሬጂስትሪ ውስጥ፣ ላንማን ሰርቨር በሚለው ስር «ሼርስ» በሚባል ቦታ ነውና ባለሙያው ያን ቅርንጫፍ ኤክስፖርት አድርጎ ይስጣችሁ።

ወደፊት ፋይሉን ከነፈቃዱ ኮፒ ለማድረግ በማውዝ ኮፒ ፔስት ከማለት ሮቦኮፒን ከ«ኮፒኦል» ማዘዣ ጋር ተጠቀሙ። ኤክስተርናሉ ኤንቲኤፍኤስ መሆኑን መጀመሪያ አረጋግጡ።

ከደብረ ማርቆስ

«ሰላም ወንድሜ። ትምህርት ቤት ውስጥ የአይሲቲ ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራ ከጀመርኩ ገና ስምንት ወሬ ነው። ኡቡንቱ ሰርቨር ላይ የተማሪ ውጤትና የመምህራን ፋይል አለን። አንድ መምህር ፋይል አልከፍት አለኝ ብሎ ሲጨቀጭቀኝ ሲኤችሞድ 777 ልሰጥለት ብዬ አድራሻው ላይ ተሳሳትኩና ከስር ከሩት ጀመረ። ቶሎ አቆምኩት፣ ግን ብዙ ሄዷል። አሁን ሱዱ አይሠራም። ከሌላ ኮምፒውተር በኤስኤስኤች ልግባ ስል አይቀበልም። ፋይሎቹ ባክአፕ አላቸው፤ ኤክስተርናል ላይ ኮፒ አደርጋለሁ። ሥራዬን ላጣ ነው?»

አይዞህ። በዚህ ትዕዛዝ ያልተቃጠለ የሊኑክስ ሰው ጥቂት ነው። ፋይልን ለመሰረዝ የሚያገለግለው አርኤም ከሩት፣ ማለትም ሁሉን ከያዘው ከላይኛው ፎልደር፣ ጀምሮ ልሰርዝ ስትለው እምቢ ይላል፤ ፈቃድ የሚቀይረው ሲኤችሞድ ግን ያ ጥበቃ አብሮት ስላልበራ ያዘዝከውን ዝም ብሎ ይፈጽማል።

ከሁሉ በፊት፣ እንደ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው አካውንትም ሩት ነው የሚባለው) የተከፈተ ተርሚናል ካለህ እንዳትዘጋው። ሰርቨሩንም ሪስታርት አታድርግ። መብራት እንዳይሄድብህ ዩፒኤሱን ተመልከት። ያ ተርሚናል አሁን ያለህ ብቸኛ በር ነው።

ተራ ተጠቃሚን በሩት ሥልጣን የሚያሠራው ሱዱ ለምን ቆመ? እያንዳንዱ ፋይል ሦስት ባለመብት አለው፦ ባለቤቱ፣ ቡድኑና ሌላው ሰው። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ነው። 7 ማለት ሦስቱም ተደምረው ነው፤ 777 ደግሞ ለሦስቱም ሁሉንም። ከእነዚህ ፊት የሚገባ አራተኛ አኃዝ ግን አለ። ሱዱ 4755 ነው መሆን ያለበት። ያ 4 ሴትዩአይዲ ይባላል፤ ፕሮግራሙ በጠራው ሰው ሳይሆን በባለቤቱ ሥልጣን እንዲሠራ ያደርገዋል። የዩኒክስ አባት ከሚባሉት አንዱ ዴኒስ ሪቺ ነው ያሰበው፤ በ1979 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፓተንት ተሰጥቶበታል። አንተ 777 ስትል ያን 4 አጠፋኸው። ሱዱ ፋይሉ አለ፣ አልተበላሸም፣ ሥልጣኑ ብቻ ተነጠቀ። ኤስኤስኤች ደግሞ በተቃራኒው ፈቃዱ በዝቶበት ነው እምቢ ያለው። የሚስጥር ቁልፉን ሌላ ሰው ማንበብ የሚችል ሆኖ ካገኘው ቁልፉን አይቀበለውም። እንዲህ መሆኑ ደግሞ ጥሩ ነው፤ ጠባቂ ማለት ይኸው ነው።

ለመጠገን ፈቃዱ ያልተበላሸ ምሳሌ ያስፈልግሃል። ያንኑ የኡቡንቱ ቨርዥን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ወይም በቨርቹዋል ማሽን ጫን፣ ሰርቨሩ ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች አስገባ። ከዚያ እዚያ ላይ የፈቃድ ዝርዝሩን አውጣ። ትዕዛዙ ጌትኤፍኤሲኤል ነው፤ ጌት ከሚለው ቃል ቀጥሎ ኤፍ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኤል ሳይለያዩ ይጻፋሉ። ከሰረዝና ከትልቁ አር ጋር ኢቲሲ፣ ዩኤስአር እና ቫር የሚባሉትን የሲስተም ፎልደሮች እየሰጠኸው ውጤቱን ወደ ፋይል ላክ። ያን ፋይል በፍላሽ አምጣና ሰርቨርህ ላይ ሴትኤፍኤሲኤል በሚለው፣ ሁለት ሰረዝና ሪስቶር ከሚለው ማዘዣ ጋር መልሰው። እንደ ሩት ስታስኬደው ባለቤቱንም፣ ቡድኑንም፣ ያን አራተኛውን አኃዝም ይመልሳል።

እዚህም አድራሻ ላይ ተጠንቀቅ። ጌትኤፍኤሲኤል አድራሻውን ሲመዘግብ የመጀመሪያዋን ያዘመመች ሰረዝ ያወጣታል። ስለዚህ ስትመልስ መጀመሪያ ሲዲ ብለህ ሩት ላይ መቆም አለብህ። ሌላ ፎልደር ውስጥ ሆነህ ብትመልስ ፋይሎቹን አያገኛቸውም። ሌላው ደግሞ፣ ዝርዝሩ በተጠቃሚ ስም ስለሆነ ስሙ ሰርቨሩ ላይ መኖር አለበት። ሩት ተርሚናልህ ተዘግቶብህ በላይቭ ፍላሽ ማስነሣት ግድ ከሆነ መጀመሪያ ሲኤችሩት ብለህ ወደ ሰርቨሩ ሲስተም ግባ፤ አለዚያ ስሞቹን የሚፈታው በፍላሹ ሲስተም መዝገብ ነውና ባለቤትነቱ ይዘበራረቃል።

ሁለቱ ትዕዛዞች «ኤሲኤል» በሚባል ፓኬጅ ውስጥ ነው ያሉት። ሰርቨርህ ላይ ከሌለና ኢንተርኔቱ እምቢ ካለህ የፓኬጁን ፋይል ባሕር ዳር ያለ ጓደኛ አውርዶ በፍላሽ ይላክልህ፣ ትንሽ ናት።

ከመለስክ በኋላ ዝርዝሩ ውስጥ ያልነበሩ ፋይሎች 777 ሆነው ይቀራሉ። ፋይንድ በሚለው ትዕዛዝ ከሰረዝ ፐርም እና 777 ጋር ፈልጋቸው።

አሁን ደግሞ የማትወደውን ልንገርህ። ሰርቨሩ እንዲህ ተጠግኖ ቢነሣም እኔ ብሆን አላምነውም። ለሰዓታት ማንም ተጠቃሚ የትኛውንም የሲስተም ፋይል መቀየር ይችል ነበር፤ ተማሪ የሚገባበት ሰርቨር ነው። ጥገናውን ውጤቱን በሰላም ለማውጣትና ትምህርት ቤቱ ሥራ እንዳይፈታ ተጠቀምበት፣ ከዚያ አንድ ቅዳሜ ይዘህ ሲስተሙን እንደ አዲስ ጫነው። ለአለቃህም የሆነውን ሳትደብቅ ንገረው። የተማሪ ውጤት ጉዳይ ስለሆነ ከወረቀት ሮስተሩ ጋር መመሳከር አለበት፣ ያን ደግሞ ብቻህን አትችለውም።

የውጤት ፎልደሩን ፈቃድ ከምሳሌው አታገኘውም። በእጅህ ነው የምትሠራው። መምህራኑን አንድ ቡድን ውስጥ አስገባ። ፎልደሮቹን 2770፣ ፋይሎቹን 660 አድርጋቸው። የፊተኛው 2 አዲስ የሚፈጠር ፋይል ሁሉ የፎልደሩን ቡድን እንዲወርስ ያደርጋል። ፎልደርንና ፋይልን በአንድ ቁጥር ደርበህ አትስጥ፤ ፎልደር ለመግባት 1 ያስፈልገዋል፣ የውጤት ፋይል ግን የሚሄድ ፕሮግራም አይደለም። ፋይንድ በታይፕ ለይቶ ለየብቻ እንድትሰጥ ይረዳሃል።

መጀመሪያ ያስቸገረህ መምህርስ? ለእሱ ብቻ መስጠት ይቻል ነበር። ሴትኤፍኤሲኤል ከሰረዝና ከትንሹ ኤም ጋር የአንድን ሰው ስም ጠቅሶ በአንድ ፋይል ላይ ማንበብና መጻፍ ይሰጣል። እኔ 777ን የምጠላው ለዚህ ነው። አንድ ሰው በር ተዘግቶብኛል ሲል ግድግዳውን ማፍረስ ነው። ደግሞ ያፈረሰው ሰው በሩ የት እንደነበረ ይረሳዋል።

ባክአፕህን በተመለከተ፣ ከእንግዲህ ትዕዛዝን በቀጠረለት ሰዓት በሚያስኬደው ክሮን ላይ በየሌሊቱ የሚሠራ አንድ መስመር ጨምር፤ ጌትኤፍኤሲኤል የመረጃ ፎልደሩን ዝርዝር ቀን ወዳለበት ፋይል ይጻፍ። ኤክስተርናሉ ላይ ስትወስድ ደግሞ አርሲንክ የሚባለውን የመገልበጫ ትዕዛዝ እንደ ሩት ሆነህ ከትንሹ ኤ፣ ከትልቁ ኤ እና ከትልቁ ኤክስ ጋር ተጠቀም፤ የመጀመሪያው ተራውን ፈቃድና ባለቤትነት፣ ሁለተኛው የተናጠል ፈቃዱን፣ ሦስተኛው ተጨማሪ ባሕርያትን ይይዛል። «አርሲንክ ከያዘው ዝርዝሩ ለምን?» ትለኝ ይሆናል። ዝርዝሩ ተራ ጽሑፍ ነው። ከፍተህ ታነበዋለህ። የትናንቱንና የዛሬውን ዲፍ በሚለው ትዕዛዝ ብታስተያያቸው በሌሊት የማን ፈቃድ እንደተቀየረ መስመሩን ነጥሎ ያሳይሃል። ፋይሎቹ ደህና ሆነው ፈቃዱ ብቻ ሲበላሽ፣ ልክ እንደ አሁኑ፣ ስንት ጊጋባይት መልሰህ ሳትገለብጥ ፈቃዱን ብቻ በደቂቃ ትመልሳለህ።

ዛሬ ማታ ደግሞ ይህን ሞክር። አሥር ፋይል ያለበት የመለማመጃ ፎልደር ፍጠር፣ ዝርዝሩን አውጣ፣ አውቀህ አበላሸው፣ መልሰው። ተሞክሮ ያልተመለሰ ባክአፕ ላይ ልብህን አትጣል።

ከፍኖተ ሰላም

«የኅትመትና የኮምፒውተር ሥልጠና ቤት አለኝ። ሊኑክስ ላይ የሠራሁትን ሥራ በፍላሽ ወደ ሌላ ማሽን ስወስድ ጽሑፉም ምስሉም ሁሉም እንደ ፕሮግራም የሚሄድ ሆኖ ይመጣል፣ ባለቤቱም ይቀየራል። ፍላሹ ተበላሽቶ ነው?»

አልተበላሸም። አብዛኛው ገበያ ላይ ያለ ፍላሽ ፋት32 ወይም ኤክስፋት ነው፤ እነዚህ የሊኑክስን ፈቃድ መመዝገብ አይችሉም። ሊኑክስ ፍላሹን ሲከፍት ለሁሉም ፋይል አንድ ዓይነት ፈቃድ ከራሱ ይሰጣል፣ አንተም ኮፒ ስታደርግ ያንን ይዘህ ትሄዳለህ።

መፍትሔው ፋይሎቹን በታር አንድ ላይ ማሰር ነው። ፈቃዱና ባለቤቱ ታሩ ውስጥ ስለሚጻፉ ፍላሹ ምንም ዓይነት ቢሆን አይነካቸውም። ሌላው ማሽን ላይ ስትፈታው ባለቤትነቱም እንዲመለስ እንደ ሩት ሆነህ ፍታው። ፋት32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል ስለማይቀበል ትልቅ ከሆነ ስፕሊት በሚለው ትዕዛዝ ቆራርጠው።

ከብቸና

«የደብራችንን የብራና መጻሕፍት ፎቶ አንሥተን ላፕቶፕ ላይ አስቀምጠናል። ላፕቶፑ ሊኑክስ ነው። ወጣቶቹ እንዲያነቡ እንፈልጋለን፤ ግን አንድ ልጅ ሳያውቅ የአንዱን መጽሐፍ ሃያ ገጽ ሰረዘው። ሁሉንም ፎቶ 444 አድርጌው ነበር፣ ማንበብ ብቻ ማለት ነው። እንዴት ሊሰረዝ ቻለ? ደግነቱ ካሜራው ላይ ነበረ።»

ዲያቆን፣ ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ብራና የሚፍቀው፣ ቀለም የሚበጠብጠው፣ ሲጽፍ ጎንበስ ብሎ የሚውለው ሰው በየዓመቱ እያነሰ ባለበት ዘመን፣ እነዚያን ገጾች ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥ ትልቅ ሥራ ነው። እና ልጁን አትቆጡት፤ የፈቃዱ አሠራር ራሱ ብዙ ባለሙያዎችን ያሳስታል።

444 ፋይሉ ውስጥ ያለው እንዳይቀየር ይከለክላል። መሰረዝ ግን ፋይሉን መቀየር አይደለም። ፎልደር ማለት የስሞች መዝገብ ነው። ስትሰርዝ የምትነካው መዝገቡን እንጂ ፎቶውን አይደለም። ስለዚህ ለመሰረዝ የሚታየው የፎልደሩ ፈቃድ ነው፤ ፎልደሩ ላይ መጻፍ የሚችል ሰው ማንበብ ብቻ የተባለ ፋይልንም አውጥቶ መጣል ይችላል። መጽሐፉን በመስታወት ሣጥን ዘግታችሁት ሣጥኑን ራሱን ተሸክሞ የሚወጣውን ሰው ካልከለከላችሁ ያው ነው።

እንግዲህ «መዝገብ ቤት» የሚል የተለየ አካውንት ፍጠር፤ የይለፍ ቃሉን አንተና አንድ የምታምነው ሰው ብቻ ያዙት። ፎልደሮቹም ፎቶዎቹም የእሱ ይሁኑ። ፎልደሮቹ 755፣ ፎቶዎቹ 644። እነዚህን የያዘው የበላይ ፎልደርም የዚያው አካውንት መሆን አለበት፣ አለዚያ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ሙሉውን ፎልደር ስሙን መቀየር ይቻላል። ወጣቶቹ በሌላ አካውንት ይግቡ፤ ያነባሉ፣ አይሰርዙም። ማስታወሻ የሚጽፉበት ሌላ የጋራ ፎልደር ስጣቸውና 1777 አድርገው፤ የፊተኛው 1 አንዱ የሌላውን እንዳይሰርዝ ይከላከላል።

ከዚያም በላይ ጥበቃ ከፈለግህ ቻትር የሚባል ትዕዛዝ አለ፤ ሲጻፍ ሲኤች፣ ኤ፣ ድርብ ቲ፣ አር ነው። እንደ ሩት ሆነህ ፕላስ አይ ብትሰጠው ፎቶውን ሩት ራሱ ያን ምልክት ሳያነሣ መቀየርም መሰረዝም አይችልም። ይህን ምልክት ግን ከላይ ለደብረ ማርቆሱ ወንድማችን የነገርኩት ጌትኤፍኤሲኤል አይመዘግበውም፤ አርሲንክም አይዘውም። ኤልኤስአትር በሚለው ትዕዛዝ፣ ከትልቁ አር ጋር፣ ዝርዝሩን ለብቻ አውጥተህ ከፈቃድ ዝርዝሩ አጠገብ አስቀምጠው። ፎቶዎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ስትመልስ ምልክቱን እንደገና መስጠት ይኖርብሃል።

ፈቃድ ከሰው እጅ ይጠብቃል፣ ከዲስክ መሞት አይጠብቅም። ካሜራው ላይ ያለውን እስካሁን ካላጠፋችሁት እንዳታጠፉት። ሁለት ኤክስተርናል ዲስክ ግዙ፤ አንዱ ደብሩ ውስጥ፣ ሌላው ሌላ ከተማ ከምታምኑት ሰው ዘንድ ይቀመጥ። ፎቶዎቹን በታር እሰሩ፣ የፈቃድ ዝርዝሩንና የኤልኤስአትሩን ዝርዝር ከጎኑ አኑሩ። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ደግሞ የትኛው ዝርዝር በየትኛው ትዕዛዝ እንደሚመለስ በእጅህ ጻፍና ከዲስኩ ጋር አስቀምጥ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ያን ዲስክ የሚከፍተው አንተ ላትሆን ትችላለህ።